የፕላዝማ ጠረጴዛ ሊገዙ ነው? ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አዲስ አበባ የሻጩ ማሳያ ክፍል ሲገቡ በኮምፒውተር የሚመራው (ሲኤንሲ) መቁረጫ ማሽን ተስተካክሎ ይጠብቅዎታል። ባለሙያው አንድ ቁልፍ ይጫናል፤ የአንበሳ ምስል ከ3 ሚሊ ላሜራ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ተቆርጦ ይወድቃል። ጠርዙ ንጹሕ ነው፤ ግራይንደር እንኳ አያስፈልገውም። እርስዎም ቆመው አሶሳ ባለው ወርክሾፕዎ የሚጀምሩትን ሥራ በልብዎ ማስላት ይጀምራሉ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ከግድግዳው ጀርባ ያለውን አይተዋል? እዚያ ትልቅ ኮምፕረሰር፣ የአየር ማድረቂያ፣ የማይዋዥቅ የሦስት ፌዝ መስመርና መሳቢያ ሙሉ ኖዝልና ኤሌክትሮድ አለ። ዋጋ ሲነገርዎ ግን የሚነገርዎ የጠረጴዛው ብቻ ነው። ጠረጴዛው ብረት ነው፤ ቢጣመም እርስዎ ራስዎ ያቃኑታል፣ ቢሰነጠቅ ይበይዱታል። ሥራ የሚያስቆመው ከግድግዳው ጀርባ ያለው ነው። ከታች ያሉትን ጥያቄዎች ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ ሳይጠየቅ የሚያነሳቸው አይደሉም።

መጀመሪያ የራስዎን ደብተር ይክፈቱ

• ባለፉት ስድስት ወራት ምን ቆረጡ? አብዛኛው ሥራዎ ቱቦላሬ፣ አንግል ብረትና የበር ፍሬም ከሆነ ይህ ማሽን አይረዳዎትም። ጠረጴዛው የሚቆርጠው ዝርግ ብረት ነው። *ይጠንቀቁ፦* «ቱቦም ይቆርጣል» ከተባሉ፣ ለዚያ የሚሆነው ተጨማሪ ክፍል ዋጋው ውስጥ መግባቱን ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ ለብቻው ይሸጣል።

• የሚያዘገይዎ መቁረጡ ነው ወይስ ብየዳው? በ45 አምፒር 3 ሚሊ ብረት በደቂቃ ከ3 ሜትር በላይ ይቆረጣል። ስለዚህ ጠረጴዛው በአንድ ጠዋት የሚቆርጠውን ሁለት በያጆች ሳምንቱን ሙሉ ሊበይዱትና ሊቀቡት ይችላሉ። *ይጠንቀቁ፦* የተቀረውን ሳምንት ማሽኑ የዕቃ መደርደሪያ ይሆናል፤ የብድሩ ወለድ ግን አያርፍም። ከከተማው ሌሎች ወርክሾፖች የመቁረጥ ሥራ ለመቀበል ካላሰቡ፣ ሂሳቡን ደግመው ይሥሩ።

• ላሜራዎ ምን ያህል ስስ ነው? እንደ ጥልፍ የተቦረቦረ በር ተፈላጊ መሆኑ እውነት ነው፤ ደንበኛው «ሲኤንሲ በር» ብሎ ነው የሚመጣው። ነገር ግን ፕላዝማ 1 ሚሊና ከዚያ በታች የሆነ ላሜራን በሙቀት ያወላግደዋል። የሚቆርጥበት መስመር ራሱ 1.5 ሚሊ ገደማ ስፋት ስላለው ረቂቅ ጌጥ ይበላበታል። *ይጠንቀቁ፦* ሻጩ ሁልጊዜ የሚያሳየው በ3 ሚሊ ላይ ነው። ሥራዎ ሁሉ ስስ ጌጥ ከሆነ፣ ሌዘር ያለው ሰው ጋ አስቆርጠው ማምጣት ይረክስዎ እንደሆነ በመጀመሪያ ያስሉ።

• ገዢዎ ማነው? የኩርሙክ የወርቅ ሥራ፣ የባምባሲና የጾሬ የስደተኞች መጠለያዎች፣ የመንግሥት ጨረታ፤ ሁሉም ሲወሩ ያጓጓሉ። ትልልቅ ገዢዎች ግን ሕጋዊ ደረሰኝ፣ በልክ የተሠራ ንድፍና ዘግይቶ የሚከፈልን ሂሳብ የሚችል ኪስ ይፈልጋሉ። በእጅዎ የተፈረመ ትዕዛዝ ስንት አለ? ወሬ ትዕዛዝ አይደለም።

አየር፦ ብዙ ሰው የሚሸወድበት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። ፕላዝማ ብረት የሚያቀልጠው በኤሌክትሪክ ነው፤ የቀለጠውን ገፍቶ የሚጥለው ግን የታመቀ አየር ነው። አየሩ ሲያንስ ወይም ሲረጥብ ጥፋቱ በማሽኑ ይሳበባል። ሻጩ ዘንድ ደውለው «ማሽኑ አይቆርጥም» ይላሉ፤ እሱም «ኖዝል ይቀይሩ» ይልዎታል። ኖዝል የሚሸጠውም እሱ ነው።

• ቶርቹ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር ይፈልጋል፣ በስንት ግፊት? መልሱ በማሽኑ መመሪያ ላይ ተጽፏል፤ ያሳዩዎ። ለምሳሌ የአሜሪካው ሃይፐርተርም ፓወርማክስ 45 ኤክስፒ በ6 ባር ገደማ በደቂቃ 190 ሊትር አካባቢ ይጠይቃል። ከፍ ያለ አምፒር ያላቸው ከዚህ በላይ ይፈልጋሉ።

• ኮምፕረሰሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚስበውን ነው ወይስ የሚሰጠውን? በርካሽ ባለ ፒስተን ኮምፕረሰሮች ላይ የሚጻፈው ፒስተኑ የሚስበው መጠን ነው። ከቱቦው ጫፍ የሚወጣው ግን ከዚያ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ነው። *ይጠንቀቁ፦* «ታንከሩ 300 ሊትር ነው» መልስ አይደለም። ታንከር አየር ያጠራቅማል እንጂ አያመርትም።

• የአሶሳን ከፍታ አስበዋል? ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ኮምፕረሰሩ ያንኑ ያህል ይስባል፣ የሚስበው ግን ስስ አየር ነው። ሂሳቡን አብረን እንሥራ። 190 ሊትር ለማግኘት፣ የሁለት ሦስተኛውንና የከፍታውን ቅናሽ ሲጨምሩበት፣ በወረቀት ላይ 350 ሊትር የሚል ኮምፕረሰር ያስፈልግዎታል። ባለ ፒስተን ኮምፕረሰር ሳያርፍ ከሠራ ይቃጠላል፤ ስለዚህ ማረፊያ ሲሰጡት 500 እና 600 ሊትር መካከል ይደርሳሉ። ይህ በ4 ኪሎ ዋት ገደማ ሞተር የሚዞር እንጂ ለጎማ መንፊያ የምናውቀው ትንሹ ኮምፕረሰር አይደለም።

• በክረምት አየሩን ምን ያደርቅልዎታል? እዚህ ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘንበው ዝናብ አየሩን እርጥብ ያደርገዋል። ኮምፕረሰሩ አየሩን ሲያምቀው ውሃው በቱቦው ውስጥ ጠብታ ሆኖ ቶርቹ ጋ ይደርሳል። ኤሌክትሮዱ ጫፍ ላይ ያለችው የሃፍኒየም ነጥብ በእርጥበት በፍጥነት ትበላለች፤ በበጋ ሁለት ሰዓት የሠራ ኤሌክትሮድ በሐምሌ ግማሹንም ላይሠራ ይችላል። *ይጠንቀቁ፦* ከማሽኑ ጀርባ የተንጠለጠለችው ትንሽ የመስታወት ማጣሪያ ማድረቂያ አይደለችም፤ ጠብታ ትይዛለች፣ እንፋሎት ግን ያልፋታል። ማቀዝቀዣ ያለው ማድረቂያ ወይም እርጥበት የሚመጥ ጄል ያለው ዕቃ ለብቻው ይገዛል። ዋጋው በፕሮፎርማው ላይ አለ?

• ማረጋገጫ፦ ኮምፕረሰሩ ግማሽ ሰዓት ከሠራ በኋላ አየሩን በነጭ ወረቀት ላይ ይልቀቁት። ወረቀቱ ከረጠበ ወይም ዘይት ካሳየ ያ አየር ቶርቹን ይገድለዋል።

መብራት

• ያለዎት ሲንግል ፌዝ ነው ወይስ ሦስት ፌዝ? ከ60 አምፒር በላይ የሆኑት አብዛኞቹ የቻይና ማሽኖች 380 ቮልት ይጠይቃሉ። *ይጠንቀቁ፦* ማሽኑን ገዝተው የቆጣሪ ለውጥ መጠየቅ ወረፋ ሊያስይዝዎ ይችላል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ ጋ መጀመሪያ ይሂዱ፤ ወጪውንና የሚፈጀውን ጊዜ በጽሑፍ ይዘው ነው ዋጋ መጠየቅ ያለብዎ።

• አጠቃላይ ጭነቱ ስንት ነው? 60 አምፒር የሚቆርጥ ማሽን ከመስመሩ 8 ኪሎ ቮልት አምፒር አካባቢ ይስባል። ኮምፕረሰሩ 4 ኪሎ ዋት፣ ሲነሳ ደግሞ የዚያን እጥፍ ድርብ። በዚያው ሰዓት በያጆችዎ እየበየዱ ከሆነ ጎረቤትዎ ሻይ ቤትም መብራቱ ይርገበገባል።

• ጀነሬተርዎ በአሶሳ ከፍታ ስንት ይሰጣል? ጉባ ላይ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ክልሉም የእርስዎ ነው። ለወርክሾፕዎ ግን የሚቆጠረው ወደ ግቢዎ የሚገባው ሽቦ ነው፤ እሱ ሲጠፋ ደግሞ ጀነሬተሩ። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከፍታው በጨመረ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ አቅም ያጣል። ስለዚህ 20 ኪሎ ቮልት አምፒር የተጻፈበት እዚህ ወደ 17 ይወርዳል። *ይጠንቀቁ፦* ቆረጣ መሃል መብራት ቢጠፋ ማሽኑ ከቆመበት ይቀጥላል ወይስ ላሜራው ተበላሽቶ ይቀራል? ሻጩ እያየ ገመዱን ያስነቅሉና ይፈትኑት።

• የመሬት ሽቦው በየካቲት ተለክቷል? በክረምት መሬቱ እርጥብ ስለሆነ ማንኛውም የተቀበረ ዘንግ ጥሩ ይመስላል። ቀዩ አፈር ሲደርቅ ነው እውነቱ የሚታወቀው። መጥፎ የመሬት ሽቦ ከባለ ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ማስነሻ ጋር ሲገናኝ መቆጣጠሪያው ያብዳል፦ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ቶርቹ ባላዘዙት መንገድ ይሄዳል።

ማሽኑ ራሱ

• «25 ሚሊ ይቆርጣል» ሲባሉ፦ ከጠርዝ ጀምሮ ነው ወይስ በስቶ? በስቶ መጀመር የሚቻልበት ውፍረት ከፍተኛ ተብሎ ከሚነገርዎ ቁጥር ብዙ ጊዜ ግማሽ ነው፣ አንዳንዴም ያነሰ። ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው በስቶ ነው። ቅድም ያነሳሁት ፓወርማክስ 45 ኤክስፒ 16 ሚሊ ለመቁረጥ ሲመከር ለመብሳት የሚመከረው 12 ሚሊ ነው። ይህን በግልጽ የሚጽፍ አምራች ያክብሩ፤ አንድ ቁጥር ብቻ የሚሰጥዎን ይጠርጥሩ።

• ሳያርፍ ስንት ደቂቃ ይሠራል? «60 በመቶ» ማለት ከአሥር ደቂቃ ስድስቱን ብቻ ነው። በእጅ ለሚቆርጥ ይበቃል፤ ጠረጴዛ ግን እጁ አይደክመውም። *ይጠንቀቁ፦* ኤልጂኬ-63፣ ኤልጂኬ-100 የሚሉት ስሞች ውስጥ ያለው ቁጥር ከፍተኛው አምፒር ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሚሠሩበት አይደለም። ዘወትር በ60 የሚሠሩ ከሆነ 100 ይግዙ።

• የቶርች ከፍታ መቆጣጠሪያ አለው? በምን ይለካል? ላሜራ ሲሞቅ ይነሳል፣ ይወርዳል። ቶርቹ ከላሜራው የሚርቀው 1.5 ሚሊ ገደማ ብቻ ነው። ከፍታውን በቅስቱ ቮልቴጅ እየለካ የማያስተካክል ማሽን ቶርቹን ብረቱ ላይ ያላትመዋል። *ይጠንቀቁ፦* በማስታወቂያው ዋጋ ላይ ብዙ ጊዜ ይህ መሣሪያ የለም፤ «አማራጭ» በሚል ለብቻው ይታከላል። ሲላተም የሚፈታ ማግኔት ያለው ማቀፊያም ይጠይቁ።

• የጠረጴዛው ስፋት ከላሜራዎ ጋር ይሄዳል? በገበያው የለመድነው 1 በ2 ሜትር ላሜራ 1.5 በ3 ሜትር ጠረጴዛ ላይ በደንብ ይቀመጣል። ከዚያ የሚበልጥ አይግዙ፤ ሼድዎ ውስጥ ሰው መዞሪያ ያጣል። በሐዲድ ላይ የምትሄደዋ ተንቀሳቃሽ ሲኤንሲንም አይናቋት፤ ዋጋዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ሁለት ሰው ያነሳታል፣ ሥር ያለውን ጠረጴዛ እርስዎ ራስዎ በይደው ይሠሩታል። ለመጀመሪያ ማሽን የኔ ምርጫ እሷ ናት።

• ጭሱ የት ይሄዳል? ጋልቫናይዝድ ላሜራ ሲቆረጥ የዚንክ ጭሱ ያሳምማል። ውሃ የሚይዝ ጠረጴዛ ጭሱን ይቀንሰዋል፤ ማስወጫ ከሌለዎት ይህን ይምረጡ። ፍንጣሪውንም ያስቡበት፤ በአካባቢው ብዙ ግድግዳና አጥር ቀርከሃ ነው።

• ንድፉን ማን ይሥላል? ማሽኑ የሚያነበው ከኮምፒውተር የተላከ ፋይል ነው። አብሮ የሚመጣው እንደ ፋስትካም ያለ ሶፍትዌር ፈቃድ ያለው ነው ወይስ የተሰረቀ ቅጂ? ኮምፒውተሩ ቢበላሽ ማን ደግሞ ይጭንልዎታል? ሥልጠናው ስንት ቀን ነው? «ሁለት ቀን» ካሉ አይበቃም። በከተማው ቴክኒክና ሙያ ወይም ዩኒቨርሲቲ አውቶካድ የተማረ ወጣት ቀድመው ይያዙና ለሥልጠናው እሱን ይውሰዱት፤ ደመወዙንም ከማሽኑ ወጪ ጋር ይደምሩ።

• ኖዝልና ኤሌክትሮድ ከየት ይመጣል? ጥንዱ በአየርና በባለሙያ ጥራት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ቆረጣ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ብስም ዕድሜውን ይቀንሳል፣ ጌጠኛ በር ደግሞ መቶ ቦታ ይበሳል። እንደ ፒ80 ያለ ብዙ ነጋዴ የሚያመጣለት ቶርች ይሻልዎታል ወይስ አንድ አስመጪ ብቻ የሚሸጥለት? *ይጠንቀቁ፦* የስድስት ወር ፍጆታ ከማሽኑ ጋር አብረው ይግዙ፤ ዋጋውን ከማሽኑ ጋር ሲደራደሩ ነው የሚቀንሱልዎ። ብሩ በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በጥቂት ወራት 100 አልፏል። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ተከትሎት ሄዷል፤ ኖዝልም ከዚያ ውጭ አይደለም።

ውል፣ መንገድ፣ ብድር

• ዋጋው ቫት ይጨምራል? 15 በመቶው መጨረሻ ላይ ብቅ ሲል ኮምፕረሰርዎን ይበላዋል። «ያለ ደረሰኝ እናርግልዎ» ካሉዎት ዋስትናውም አብሮ እንደቀረ ይወቁ።

• ፕሮፎርማው ለስንት ቀን ይጸናል? ቀብድ ከከፈሉ በኋላ ምንዛሪ ቢጨምር ልዩነቱን ማን ይከፍላል? በውሉ ላይ በብር፣ በቁርጥ ይጻፍ። «ዕቃው ጅቡቲ ደርሷል» የሚል ቃል ላይ ቀብድ አይክፈሉ።

• «የአንድ ዓመት ዋስትና» የት ድረስ ነው? አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የባለሙያውን የአውሮፕላን ቲኬት፣ አበልና ማደሪያ ማን ይችላል? አብዛኛው ዋስትና ማሽኑን እርስዎ ተሸክመው ሻጩ ደጃፍ እንዲያደርሱት ያስባል። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ተነቅሎ ብቻውን ሊላክ መቻሉን አሁኑኑ ይጠይቁ።

• ማን ይጭናል፣ ማን ያወርዳል? በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በመንዲ ያለው መንገድ የጸጥታው ሁኔታ እንደሚለዋወጥበት ከእኔ በላይ ያውቁታል። ዕቃው በመንገድ ላይ እስካለ ድረስ የማን ነው? ኢንሹራንስ አለው? ክሬን በሌለበት ግቢ ውስጥ ባለ ብዙ ኩንታል ጠረጴዛ በሰው ትከሻ ሲወርድ ሐዲዱ ይጣመማል፤ ያ ደግሞ በዋስትና አይሸፈንም።

• በሊዝ ነው የሚወስዱት? የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103 ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ በሊዝ አሠራሩ እርስዎ 20 በመቶ ሲያዋጡ 80 በመቶውን ይሸፍናል፤ የዕለቱን መስፈርት ቅርንጫፉን ይጠይቁ። *ይጠንቀቁ፦* ክፍያው እስኪያልቅ ማሽኑ የእርስዎ ንብረት ስላልሆነ መሸጥም ሆነ ማስያዝ አይችሉም። ኮምፕረሰሩ፣ ማድረቂያው፣ የቆጣሪው ለውጥና ጭነቱ በብድሩ ውስጥ መግባታቸውንም ይጠይቁ። ካልገቡ ከ20 በመቶው በላይ ከኪስዎ ሊያወጡ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ የሚጀምረው ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ነው ወይስ ውሉ ሲፈረም?

• ያገለገለ ቢገዙስ? ጠረጴዛውና ሐዲዱ ደህና ከሆነ ክፋት የለውም። የፕላዝማ ምንጩን ግን በሙሉ አምፒር አሥር ደቂቃ ሳያሠሩ አይውሰዱ።

ፈተናው

ከአሶሳ ሲነሱ የራስዎን ላሜራ ይያዙ፦ አንድ ቁራጭ 1 ሚሊ፣ አንድ 3 ሚሊ፣ አንድ 10 ሚሊ። ከሻጩ ላሜራ ላይ አይቁረጡ። የራስዎን የበር ንድፍ በፍላሽ ይውሰዱና ቀዳዳ የበዛበትን ያስቆርጡ፤ ሃምሳ ያህል ብስ ካለፈ በኋላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቀዳዳ ጎን ለጎን ያስተያዩ። ከታች የተጣበቀውን የቀለጠ ብረት ራስዎ በመዶሻ መትተው ይዩት፤ ካልረገፈ በወርክሾፕዎ ግራይንደር ይዞ የሚውል ሰው ይቀጥራሉ ማለት ነው።

በሳምንት ከሁለት ቀን የሚያንስ የቆረጣ ሥራ ካለዎት ደግሞ ዘንድሮ ጠረጴዛውን ይተዉት። ጥሩ የእጅ ፕላዝማ፣ ከላይ ባሰላነው ልክ ኮምፕረሰርና ማድረቂያ ይግዙ። ነገ ጠረጴዛው ሲመጣ ኮምፕረሰሩና ማድረቂያው ያንኑ ያገለግላሉ፤ የእጅ ማሽኑን ደግሞ የጠረጴዛ ቶርች የሚቀበል ዓይነት ከመረጡት እሱም አይጣልም። ሲገዙ «መገናኛ ሶኬት አለው?» ብለው ይጠይቁ።